ደጅ የማያስጠና የምክር ማዕከል፦ የተማሪዎች የምክር አገልግሎት ታይነትና አካታችነት

በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



ርእሴ የተማሪዎች የምክር ማዕከል ነው። አንዳንዶቻችሁ «ስለ አንድ ቢሮ ይህን ያህል ምን የሚባል አለ?» ብላችሁ ይሆናል። ቢሮው ግን ዩኒቨርሲቲው ማንን እንደ ልጁ፣ ማንን እንደ እንግዳ እንደሚቆጥር የሚያሳይ መስኮት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህም ነው የመረጥሁት።

ነገሩን ከቁጥር ልጀምር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በቀጥታ አልፎ የመጣ አንድ ተማሪ ከሠላሳ ገደማ ተፈታኞች አንዱ ነበር ማለት ነው። ከእርሱ ጎን በሪሚዲያል መርሐ ግብር ሌላ ፈተና አልፎ የገባ ጓደኛው ተቀምጧል። በመውጫው በኩል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል። እንግዲህ መግቢያው ጠባብ ነው፤ መውጫውም ጠባብ ነው። በሁለቱ መካከል ባሉት አራትና አምስት ዓመታት ተማሪውን የምናጣው አቅም ስላጣ ሳይሆን የትኛውን ቅጽ፣ መቼ፣ ለማን ማቅረብ እንዳለበት የነገረው ሰው ስላልነበረ ከሆነ፣ ኪሳራው የእርሱ ብቻ አይደለም። የቤተሰቡ፣ የቀበሌው፣ የአገሩም ነው።

የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። የምክር ማዕከል «እዚህ አለሁ፤ የቸገረው ይምጣ» ብሎ በሩን ከፍቶ የሚጠብቅ ከሆነ፣ የሚያገለግለው አስቀድሞ መንገዱን የሚያውቀውን ተማሪ ነው። በዚህም ሳያስበው፣ ሊያጠበው የተቋቋመለትን ልዩነት ያሰፋዋል። ስለዚህ ታይነትና አካታችነት በአንድ ዕቅድ ውስጥ በሁለት ተራ ቁጥር የሚጻፉ የተለያዩ ግቦች አይደሉም፤ ለማን እንደሚታይ ያልተጠየቀበት ታይነት ከማስታወቂያ አያልፍም።

ምክርና ምክክር

በመጀመሪያ ከራሱ ከቃሉ ጋር እንነጋገር። በቋንቋችን «ምክር» ከባድ ቃል ነው። ሕፃን ሳለን «ተጠርቶ ተመከረ» ሲባል የሰማነው አንድ ልጅ ጥፋት አጥፍቶ ነበር። በትምህርት ቤትም ምክር ብዙ ጊዜ ከቅጣት በፊት የምትመጣ ደረጃ ናት፤ በቃል መመከር፣ በጽሑፍ መመከር፣ ወላጅ ማምጣት፣ ከዚያም መታገድ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ብሂል የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ብሂሉ ጥበብ አለው፤ ነገር ግን አንድ ተቋም እንደ መመሪያ ሲይዘው አደገኛ ይሆናል። መካሪው «እኔ ተናግሬአለሁ» ብሎ እጁን እንዲታጠብ፣ ቀሪውን ሥራ ለመከራ እንዲያስረክብ ይፈቅድለታልና።

አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ «የምክር አገልግሎት» የሚል ሰሌዳ ሲያይ ወደ ልቡ የሚመጣው ይህ ታሪክ ነው። «እዚያ የሚሄደው ያጠፋ ነው፤ ወይም የታመመ ነው» ይላል። እኛ አገልግሎት ብለን የጻፍነውን እርሱ ተግሣጽ ብሎ ያነበዋል።

ደግነቱ ቋንቋችን ሌላ መንገድም አለው። «መከረ» ስንል ድርጊቱን የሚፈጽመው መካሪው ነው። «ወዳጄን አማከርሁት» ስንል ግን ድርጊቱን የፈጸመው ጉዳይ ያለው ሰው ራሱ ነው፤ አማካሪው የሚያዳምጥና አብሮ የሚያስብ ነው። «ተመካከሩ» ስንል ደግሞ ከሁለት ወገን የሚዋጣ ሐሳብ አለ። በእድር፣ በዘመድ ጉባኤ፣ በሽማግሌዎች ፊት የምናውቀው ልማድ ይኸኛው ነው። የባለሙያውን መጠሪያ «አማካሪ» ስንል ከዚህኛው ወገን ወስደነዋል፤ አሠራራችን ግን ብዙውን ጊዜ በወዲያኛው ቀርቷል።

ይህ ልዩነት በሙያው ሥነ ጽሑፍም የታወቀ ነው። አሜሪካዊው ምሁር በርንስ ክሩክስተን እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጽሑፍ ሁለት ዓይነት የአካዳሚክ ምክር ለይቶ ነበር። አንዱ ሐኪም ለሕመምተኛ መድኃኒት እንደሚያዝ «ይህን ኮርስ ውሰድ፣ ያንን ተው» የሚል ነው። ሌላው ተማሪው ስለ ሕይወቱና ስለ ሙያው ራሱ እንዲወስን የሚያግዝ፣ ኃላፊነቱ በሁለቱም ትከሻ ላይ ያረፈ ነው። ክሩክስተን ይህን ሁለተኛውን ከማስተማር ለይቶ አላየውም። ልብ በሉ፤ ምክር ማስተማር ከሆነ የአንድ ቢሮ ሥራ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም።

ከመቶ ተማሪ ወደ ብዙ ሺህ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የተማሪዎቹ ቁጥር መቶ አይሞላም ነበር። እንዲህ ባለ ተቋም ውስጥ የምክር ማዕከል ላያስፈልግ ይችላል። መምህሩ ተማሪውን በስሙ ያውቀዋል፤ ከክፍል ሲቀር ይጠይቃል፤ ፊቱ ሲጠቁር ያያል። ምክሩ በትውውቅ ውስጥ ነው።

ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከአርባ በላይ ናቸው፤ አንዳንዱ ግቢ የአንድ ከተማ ያህል ሕዝብ ይዟል። ትውውቁ ጠፍቷል፤ በእርሱ ፋንታ ቢሮዎችን ተክለናል። የአካዳሚክ አማካሪ በትምህርት ክፍሉ ውስጥ ይመደባል፤ ብዙ ተማሪ የሚያውቀው ግን በምዝገባ ቀን ወረቀት የሚፈርም ሰው መሆኑን ነው። የሥነ ልቦና ምክር በተማሪዎች ዲን ሥር ይገኛል። የሥርዓተ ጾታ ጉዳይ ሌላ ክፍል አለው፤ የልዩ ፍላጎት ድጋፍ ሌላ፤ የሙያና የሥራ ዝግጅት ሌላ። ሁሉም በየራሱ አስፈላጊ ነው። ችግሩ የተማሪው ጭንቀት በእኛ መዋቅር ተከፋፍሎ አለመምጣቱ ነው።

ምሳሌ ላቅርብ። አንዲት ተማሪ በመንፈቅ አጋማሽ ፈተና ዝቅተኛ ውጤት አመጣች እንበል። ምክንያቱ ሲመረመር ሀንዳውት ማባዣ ገንዘብ የላትም፤ ገንዘብ የሌላት ከቤት የሚላክላት ስለ ተቋረጠ ነው፤ የተቋረጠው በአካባቢዋ ግጭት ስለ ተነሣ ነው፤ በዚህም እንቅልፍ አጥታለች። ይህች ልጅ ወደ የትኛው በር ትሂድ? የውጤቱን ለአካዳሚክ አማካሪዋ፣ የገንዘቡን ለተማሪዎች አገልግሎት፣ የእንቅልፉን ለሥነ ልቦና ባለሙያ ትናገር? በእያንዳንዱ በር ታሪኳን ከመጀመሪያው መድገም አለባት። ብዙዎች በሁለተኛው በር ላይ ይደክማቸዋል። ከዚያ በኋላ ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸውንም እኛ «ችግር የለባትም» ብለን እንመዘግበዋለን።

የማይመጣው ማን ነው?

የምክር ቢሮዎች የዓመት ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ «ይህን ያህል ተማሪ ተስተናገደ» ይላል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ከመጡት ይልቅ ያልመጡትን መቁጠር የበለጠ ያስተምራል።

ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ፒዬር ቡርዲዮ ከዣን ክሎድ ፓስሮን ጋር እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን «ወራሾች» ብለው ጠርተዋቸው ነበር። ከቤታቸው የሚወርሱት ሀብት ብቻ እንዳልሆነ ማሳየታቸው ነው፤ አነጋገሩን፣ ድፍረቱን፣ የተቋሙን ያልተጻፈ ሕግ ማወቅንም ይወርሳሉ። ይህን ወደ ግቢያችን ስናመጣው ግልጽ ይሆናል። አባቱ ወይም እኅቱ ዩኒቨርሲቲ የተማረች ልጅ ውጤት ሲበላሽበት ማታውኑ ስልክ ደውሎ «ምን ላድርግ?» ይላል። «ነገ ጠዋት ሬጅስትራር ሂድ፤ ካልሆነ ዲኑን አነጋግር» ይባላል። ከቤተሰቡ የመጀመሪያ ሆኖ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ግን የሚደውልለት ቤት «በርታ ልጄ» ከማለት በቀር ሊመልስለት የሚችለው ነገር የለም። እንዲያውም እንዳያሳዝናቸው ብሎ አይደውልም። የምክር ማዕከል ከሁሉ በፊት መሆን ያለበት ለዚህ ልጅ ያ ታላቅ እኅት ነው።

ይህ ዕውቀት ምን ያህል ክብደት እንዳለው አንድ አብነት ላንሣ። ታሞ ወይም ተቸግሮ ትምህርቱን በመንፈቅ አጋማሽ የሚያቋርጥ ተማሪ የማቋረጫ ቅጽ፣ ተማሪዎች «ዊዝድሮዋል» የሚሉትን፣ ሞልቶ ከወጣ የመመለሻ መንገዱ ተጠብቆለት ይሄዳል። ዝም ብሎ ሻንጣውን ይዞ የወጣው ግን በሬጅስትራር መዝገብ ላይ ሌላ ሰው ነው። የሁለቱ ሕመም አንድ ነው፤ የሁለቱ ችሎታም አንድ ሊሆን ይችላል። የለያያቸው አንድ ገጽ ወረቀት መኖሩን ማወቅ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ቋንቋ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ምደባው አገር አቀፍ ነው። ስለዚህ ከአፋር፣ ከሶማሌ፣ ከጋምቤላ የመጣ ተማሪ በአማርኛ በሚነጋገር ከተማ ይማራል፤ አማርኛ ተናጋሪውም እንዲሁ በሌላ ቋንቋ በሚሠራ አካባቢ ይመደባል። ሰው በሁለተኛ ቋንቋው ስለ ኮርስና ስለ ክሬዲት መነጋገር ይችላል። ስለ ሐዘኑ፣ ስለ ፍርሃቱ፣ ስለ ቤተሰቡ ግን በእናቱ ቋንቋ ካልሆነ ሊናገር ይቸገራል። አማካሪው አሥር ቋንቋ ይወቅ አልልም። ማዕከሉ ግን በተማሪዎቹ ቋንቋዎች የሚነጋገሩ መምህራንንና የሠለጠኑ ነባር ተማሪዎችን ዝርዝር ይዞ፣ «በምን ቋንቋ ብንነጋገር ይሻልሃል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው ራሱ የእንግዳ ተቀባይነት ምልክት ነው።

ሦስተኛው የአካል ጉዳት ጉዳይ ነው። በዚህ ረገድ ሕግ አልጎደለንም። የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ስለ ተደራሽነት ደንግጓል። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የ2011 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152ም የአካል ጉዳት ላለባቸው ተማሪዎች ተቋማት ያለባቸውን ኃላፊነት ይዟል። የጎደለው በዕለት ሥራችን ውስጥ ነው። የምክር ቢሮው ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ፣ በዊልቸር ለሚንቀሳቀሰው ተማሪ ቢሮው የለም። ማስታወቂያው በሰሌዳ ላይ ብቻ ከተለጠፈ ለዓይነ ስውሩ ማስታወቂያ አልወጣም።

«በቴሌግራም ልከናል» የሚል መልስ ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የምንልከው ብዙ ጊዜ ማኅተም የተመታበትን ደብዳቤ በስልክ ፎቶ አንሥተን ነው። የዓይነ ስውሩ ተማሪ ስልክ ጽሑፍን አውጥቶ ያነብለታል፤ የፎቶውን ይዘት ግን በአግባቡ አያነብለትም። ያንኑ ደብዳቤ ከፎቶው ሥር በጽሑፍ መድገም አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ በጀትም ሆነ የቦርድ ውሳኔ አይጠይቅም። መስማት የተሳነው ተማሪ ደግሞ ምክር ሲፈልግ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው የክፍል ጓደኛው ከሆነ፣ ምሥጢሩን ሁለት ጊዜ ነው አደባባይ የሚያወጣው። ከማዕከሉ ጋር ምሥጢር ለመጠበቅ የፈረመ አስተርጓሚ ማዘጋጀት ስለዚህ ቅንጦት ሊባል አይገባም።

አራተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። ቢሮው በ11፡30 ሲዘጋ የማታው ተማሪ ገና ከሥራው እየወጣ ነው። ልጅ አዝላ የምትማረው እናት፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚመጣው መምህር፣ ሁሉም ክፍያ ይከፍላሉ፤ የምክር ማዕከሉን በር ግን ተዘግቶ እንጂ ተከፍቶ አያውቁትም። በሳምንት ሁለት ምሽትና የቅዳሜ ጠዋት መክፈት የእነዚህን ተማሪዎች ዜግነት በግቢው ውስጥ ያረጋግጣል።

በመጨረሻም ሴት ተማሪዎችን ላንሣ። አንዲት ተማሪ የደረሰባት ትንኮሳ ከመምህር የመጣ ከሆነ፣ የአካዳሚክ አማካሪዋም ያው መምህር ወይም የእርሱ የቅርብ ባልደረባ ከሆነ፣ «አማካሪሽን አነጋግሪ» የሚለው መመሪያ ለእርሷ ምን ትርጉም አለው? አማካሪን መምረጥና መቀየር፣ ከፈለገችም ሴት ባለሙያ ማግኘት፣ ምክንያቷን ሳትናገር የምታገኘው መብት መሆን አለበት።

አገልግሎቱ ይታይ፣ ተገልጋዩ አይታይ

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነጥብ ደረስን። ማዕከሉን ታይነት እንስጠው ስንል በግቢው መካከል፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ወይም ከካፌው አጠገብ፣ ትልቅ ሰሌዳ ሰቅለን እናስቀምጠው ማለታችን ነው። ነገር ግን ቦታው ይበልጥ በታየ ቁጥር የሚገባውም ሰው ይታያል። ካፌ ሊገባ የተሰለፈው ሁሉ የሚያየውን በር ማን ያንኳኳል? ብዙ ማዕከላት ከዚህ ችግር ለመሸሽ ወደ ጓሮ ገብተዋል፤ አንዳንዱም ከዲሲፕሊን ቢሮ ጋር አንድ ኮሪደር ይጋራል። እንዲህ ሲሆን የሚገባው ተማሪ ባያጠፋም ያጠፋ ይመስላል።

የዚህ ቋጠሮ መፍቻ ሁሉም እንዲገባ ማድረግ ነው ብዬ አስባለሁ። እያንዳንዱ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በመጀመሪያው መንፈቅ አንድ ጊዜ ከአማካሪ ጋር ተቀምጦ እንዲነጋገር ቢደረግ፣ ወደ ማዕከሉ መግባት ስለ ገባው ሰው ምንም አይናገርም። ጎበዙም፣ የቸገረውም፣ ከከተማ የመጣውም፣ ከገጠር የመጣውም በዚያው በር ያልፋል። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ በሩን ያውቀዋል፤ ውስጥ ያለውንም ሰው ያውቀዋል። አፋር ሰው የሚፈራው የመጀመሪያውን ማንኳኳት ነውና፣ እርሱን ተቋሙ ራሱ ያንኳኳለት።

ታይነት ከቦታ ይልቅ በጊዜ ይወሰናል። የአቀባበል ሳምንት ንግግሮቻችንን አስታውሱ። ሺህ ተማሪ በአንድ አዳራሽ ይሰበሰባል፤ የሁሉም ቢሮ ኃላፊዎች በተራ ይናገራሉ፤ ተማሪው የሚያስበው ግን ስለ ዶርም ቁልፉና ስለ ፍራሹ ነው። ጥያቄ የሌለው ሰው መልስ አይዘውም። ጥያቄው የሚመጣው በኋላ ነው፤ የአጋማሽ ፈተና ውጤት ሲወጣ፣ የትምህርት ክፍል ምርጫ ሲደርስ፣ የመንፈቁ ግሬድ ሲለቀቅና ነጥቡ ከ2.00 በታች ሲሆን፣ የመውጫ ፈተና ሲቃረብ። ማዕከሉ መታየት ያለበት በእነዚህ ሳምንታት ነው። በተለይ ግሬድ በሚለቀቅባቸው ቀናት ቢሮው ረፍት ላይ ከሆነ፣ እሳት በሚነሣበት ሰዓት ውኃውን መዝጋት ነው።

ሦስት ተቃውሞዎች

ይህን ሐሳብ በየስብሰባው ሳነሣ የሚሰነዘሩትን ተቃውሞዎች አውቃለሁ፤ ሦስቱን ልመልስ።

የመጀመሪያው «ሰው የለንም» የሚል ነው። እናስላው። ሦስት ሺህ አዲስ ተማሪዎች አሉን እንበል። ለእያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ ብንሰጥ ስልሳ ሺህ ደቂቃ፣ ማለትም አንድ ሺህ ሰዓት ይሆናል። ሃምሳ መምህራን ቢካፈሉት ለአንዱ ሃያ ሰዓት ይደርሰዋል። በአሥራ ስድስት ሳምንት ሲከፈል በሳምንት አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ሸክሙ የሚቻል ነው። እውነተኛው ችግር ይህች ሰዓት በማንም የሥራ ጫና ሠንጠረዥ ላይ አለመጻፏ ነው። ትምህርት ማስተማር ይቆጠራል፤ ምርምር ለዕድገት ይቆጠራል፤ ተማሪን ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ግን «በጎ ፈቃድ» ይባላል። በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ሥራ ደግሞ ሁልጊዜ በጥቂት ደጋግ ሰዎች፣ አብዛኛውንም ጊዜ በሴት ባልደረቦቻችን ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው «እነዚህ አዋቂዎች ናቸው፤ ማሞላቀቅ ይሆናል» የሚል ነው። አዋቂ መሆናቸውን እቀበላለሁ፤ አዋቂ የሚወስነው ግን መረጃ ሲኖረው ነው። የትምህርት ክፍሉን በጓደኞቹ ምርጫ ብቻ ተመርቶ የሚመርጥ ወጣት ነጻ ምርጫ አደረገ አልልም። ማገዝ ማለት በእርሱ ፋንታ መወሰን አይደለም፤ የሚወስንባቸውን ነገሮች በፊቱ መዘርጋት ነው። ደግሞም ከቤቱ ይህን ያገኘውን ተማሪ ማንም «ሞልቃቃ» ብሎት አያውቅም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብደኛል፤ የመተማመን ጉዳይ ነው። ተማሪዎች «የምናገረው ወደ ትምህርት ክፍሌ ይደርሳል፤ ስሜ ይመዘገባል፤ ከየት እንደ መጣሁ ይጠየቃል» ብለው ይሠጋሉ። አገራችን ባለፈችባቸው ዓመታት ይህ ሥጋት ከባዶ የመጣ አይደለም። መልሱ ተማሪውን «አትፍራ» ማለት ሊሆን አይችልም። ምን እንደሚጻፍ፣ ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚጠፋ፣ የሕይወት አደጋ ሲኖር ብቻ ምን እንደሚደረግ በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ከንግግሩ በፊት ለተማሪው መስጠት ነው። መዝገቡም ስለ ብሔርና ስለ ሃይማኖት የሚጠይቅ ዓምድ ሊኖረው አይገባም።

በዚህ ላይ የሌላ አገር ልምድ ልጨምር። በአሜሪካ የሚገኘው የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ ከስምንት መቶ በላይ የማስጠንቀቂያ ምልክቶችን በኮምፒዩተር እየተከታተለ፣ ተማሪው ሳይጠይቅ አማካሪው ቀድሞ እንዲደውል አድርጓል። ከዚህ ልምድ የምንወስደው ትምህርት ኮምፒዩተሩ እንዳይመስለን። ትምህርቱ ቀድሞ የሚደውለው ተቋሙ መሆኑ ነው። እኛም የአቴንዳንስ ወረቀትና የአጋማሽ ውጤት አለን፤ ከእነዚህ ሁለቱ ብቻ ማን እየራቀ እንደሆነ ይታያል። ሆኖም ዝርዝሩ «የደካሞች መዝገብ» ሆኖ በሰሌዳ ላይ የወጣ ዕለት ሥራው ሁሉ እንደ ፈረሰ ይቆጠራል።

ምን እናድርግ?

ለፋኩልቲያችን አምስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አንድ በር ይኑረን። ቢሮዎቹ በየመዋቅራቸው ይቀጥሉ፤ ተማሪው ግን በአንድ በር ገብቶ፣ ታሪኩን አንድ ጊዜ ተናግሮ፣ ወደሚቀጥለው ባለሙያ በፈቃዱ ታጅቦ ይድረስ። «ሂድና ጠይቅ» ከማለት «ና፣ አብረን እንሂድ» ማለት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ለሁሉም አዲስ ተማሪ የሃያ ደቂቃ የመጀመሪያ ቀጠሮ ይሰጥ፤ ሰዓቱም በመምህሩ የሥራ ጫና ውስጥ ይቆጠር።

ሦስተኛ፣ ከአጋማሽ ፈተና በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት የተማሪውን ክብር በሚጠብቅ ቃል ጥሪ ይደረግ። «ውጤትህ ዝቅተኛ ስለሆነ ቅረብ» በሚለው ፋንታ «መንፈቁ እንዴት እየሄደልህ ነው? ማክሰኞ ብንገናኝስ?» እንበል።

አራተኛ፣ ነባር ተማሪዎችን እናሠልጥን፤ በተለይ ከቤተሰባቸው የመጀመሪያ ሆነው የገቡትን፣ በሪሚዲያል ያለፉትን፣ አካል ጉዳት ያለባቸውን። መንገዱን የሄደበት ሰው ጉድጓዱን ያውቃል። ሥልጠናቸው ግን ወሰናቸውንም ይጨምር፤ ራስን ስለ ማጥፋት ወይም ስለ ጥቃት ሲሰሙ ብቻቸውን እንዳይሸከሙት፣ ለማን እንደሚያደርሱ ይወቁ።

አምስተኛ፣ መለኪያችንን እንቀይር። በዓመቱ መጨረሻ «ስንት መጣ?» ከሚለው ጎን «ማን አልመጣም?» ብለን እንጠይቅ፤ ከማታው ክፍል፣ ከየትኛው ትምህርት ክፍል፣ ከወንድና ከሴት፣ ከየትኛው ዓመት። ማቋረጫ ቅጽ ሳይሞሉ የሄዱትን ቁጥር ከሬጅስትራር ወስደን በሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንጻፈው። ያ ቁጥር ሲያንስ ማዕከላችን ታየ ማለት ነው።

በታሪካችን ደጅ መጥናት የታወቀ ሥርዓት ነበር። ጉዳይ ያለው ሰው ከባለሥልጣን ደጅ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆማል። ታጋሽ የሆነ፣ አማላጅ ያለው፣ ስንቅ የማያልቅበት ጉዳዩ ይፈጸምለታል፤ ያልሆነለት ወደ አገሩ ይመለሳል። ዩኒቨርሲቲ የዚህ ሥርዓት ወራሽ እንዲሆን አልተቋቋመም። ተማሪው እኛን ከደጅ ቆሞ ሊያጠናን አልመጣም፤ ትምህርቱን ሊያጠና ነው የመጣው።

ተማሪዎቻችን ሆይ፣ ለእናንተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ማማከር ብስለት እንጂ ድካም አይደለም፤ እዚህ የተቀመጥነው መምህራን ሁሉ ለመመረቂያ ጽሑፋችን አማካሪ ነበረን፤ ያለ አማካሪ የጻፈ ዶክተር በመካከላችን የለም። ባልደረቦቼ ሆይ፣ ለእኛ ደግሞ የሚቀጥለው ሰኞ በቂ ነው። በአቴንዳንሳችን ላይ ሦስት ጊዜ በተከታታይ የቀረውን አንድ ተማሪ ስም እንፈልግ፤ ደህና መሆኑንም እንጠይቅ።